ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰች ለማጣራት መካነ ሰላም ድረስ

ከመሥሪያ ቤታችን ወሎ ያለችውን መካነ ሰላምን ያያት ሰው የለም፤ ከእንግዲህም የሚሄድ አይመስለኝም። እኔም ወድጄ አልሄድኩም። ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ግን ባልደረቦቼ ሻይ በጠጣን ቁጥር «እስቲ ያንን ጉዞ ንገረን» እያሉ ስላሰለቹኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መምህራን ለማዕረግ ዕድገት ሲያመለክቱ የጻፉትን ጥናት እሰበስባለሁ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በየጽሑፋቸው ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት እቆጥራለሁ፣ ከማን ጋር አብረው እንደሠሩ እመዘግብና ለኮሚቴ አቀርባለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። ለዚህም ነበር የወደድኩት።

ዶክተር ዘይነባ ይማም የሮቦት ተመራማሪ ናት። ተማሪ ሳለች ጀምሮ አውቃታለሁ፤ መጽሐፍ በጊዜው ከሚመልሱት ጥቂቶች አንዷ ነበረች። ውጭ ተምራ ስትመለስ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጣትና ባለ አራት እግር ማሽን መሥራት ጀመረች፤ መኪና በማይገባበት ዳገት ላይ ጭነት ተሸክሞ የሚራመድ። ክፍሏን ለስብሰባ የሚመኟት ሰዎች ነበሩ። ዕድገቷ ከጸደቀ ክፍሉ በስሟ ይጸናል፤ ካልጸደቀ ማሽኑ ይወጣና ወንበር ይደረደርበታል።

ችግሩ ስሟ ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም፤ አንዱ መጽሔት በአባቷ ስም አስገብቷታል፣ ሌላው በአያቷ። ዘይነባ አንድ ቦታ ዘይነብ፣ ሌላ ቦታ ዛይናብ ሆናለች። በዚያ ላይ ስለ በግ በሽታ የሚጽፍ ሌላ «ዜድ ይማም» አለ። ኮምፒዩተሩ ሁሉንም ቀላቅሎ አንድ ሰው አድርጓቸዋል። ከኮሚቴው አንዱ «ሴትዮዋ የሰው ሥራ ሰብስባለች» ብሎ ስላጉረመረመ፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ ራሷ አይታ የኔ ነው፣ የኔ አይደለም ብላ እንድትፈርም ተወሰነ። እሷ ደግሞ አባቷ ገደል ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ አገር ቤት ገብታለች፤ ከመካነ ሰላም በእግር የሚኬድ ሰፈር። ስልኳ የሚሠራው ተረተሩ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው፤ እሱም «ሃሎ፣ ሃሎ» ተባብለን እስክንጨርስ ይቋረጣል።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከሳምንት በኋላ በሚውለው ሰኞ ነው፤ አንድ ቀን አልጠብቅም አለ። አለቃዬ «ታደሰ፣ አንተው ሂድ» አለኝ። መኪና ስጠይቅ የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች በሙሉ ለመልካም አስተዳደር ሥልጠና ወጥተዋል ተባልኩ። ወሩ ሐምሌ ነው።

እሑድ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። የተሰጠኝ ወንበር መስታወቱ አልዘጋ ያለ መስኮት አጠገብ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ቅዝቃዜው ገባ፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ገባ፣ ደብረ ሲና ላይ ዝናቡ ራሱ ገባ። ረዳቱን ብጠራው «ጋሼ፣ ይሄ መስኮት እንዲህ ነው» አለኝ፤ ጠባዩ ነው እንደማለት። አጠገቤ የነበረች ሴት የዘንቢሏን ላስቲክ አውጥታ መስኮቱ ላይ ወጠረችልኝና እስከ ኮምቦልቻ በእጇ ይዛው ተጓዘች። እንዳመሰግናት እንኳ አልፈለገች።

ደሴ አልጋ የያዝኩበት ሆቴል ቧንቧው ደረቅ ነበር። ጣሪያው ላይ ውሃው እየወረደ ይጮሃል፣ መታጠቢያው ውስጥ ጠብታ የለም። ጉለሌ ያለው ቤቴ ትዝ አለኝና በዚህ እንኳ እኩል ነን ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ

በመንገዱ ላይ ወዳለችው አቀስታ የሚሄደው ሚኒባስ «ሞልቷል፣ ወጪ ነው!» እየተባለ ረፋዱ ድረስ ቆመ። ሞልቷል ማለት እዚያ እኛ አገር ከምንለው ሞልቷል በብዙ ሰው ይበልጣል። ከተነሣን በኋላ አምባው ላይ፣ ከገብስ ማሳ በቀር ምንም በማይታይበት ሜዳ መሐል መኪናው ተንጫጫና ዝም አለ። ሹፌሩ ወረደ፣ ከሥሩ ገባ፣ ወጣ፣ እጁን ጠረገ። «ትንሽ ነው» አለ። ትንሹ ከሰዓቱን ሙሉ በላው። ጉሙ እየወረደ አጠገቤ የቆመውን ሰው ከወገቡ በታች ሲሰውረው ወረቀቶቼን በላስቲክ እንደጠቀለልኩ እቅፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩ። የምቆጥረው ነገር ሁሉ አንድ አዝራር ተጭነው የሚመጣ ነበር። እኔ ግን እዚህ ቆሜያለሁ።

አቀስታ ስንደርስ እንጦጦ ላይ የተማርኩት ብርድ ብርድ እንዳልነበረ ገባኝ። ያረፍኩባት ቤት ባለቤት እትዬ በላይነሽ ይባላሉ፤ ፊታቸው በነጠላ ተሸፍኖ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ወፍራም ሴት። የድንች ወጥ በገብስ እንጀራ አቀረቡልኝ። የአልጋ ልብሱ እርጥብ ነው ብዬ ባማርር፣ ሄደው ከገዛ አልጋቸው ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ገፈው አመጡ።

«እርስዎስ ምን ሊለብሱ ነው?» አልኳቸው።

«እኔማ ለምጄዋለሁ። አንተ ትሞትብኛለህ፤ አስከሬን ወደ አዲስ አበባ መላክ ደግሞ በዚህ መንገድ አይሆንም» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ማክሰኞ

ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ አልነበረም፤ «ሹፌሮቹ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ሲሚንቶ የጫነ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ ተለመነልኝ። ከሹፌሩ ሌላ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ አንዲት እናትና ራሳቸው ላይ ፎጣ የጠመጠሙ ሽማግሌ ነበሩ። በጭቃው ስንንሸራተት አንዳችን በሌላችን ላይ እየወደቅን ብዙም ሳይቆይ ዘመድ ሆንን። ሽማግሌው ሥራዬን ጠየቁኝ። አሁን ሳስበው ቃሉን መምረጥ ነበረብኝ።

«አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰች ላጣራ ነው» አልኳቸው።

እናትየዋ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ማን ነው የጠቀሳት?»

«ብዙ ናቸው። ጃፓኖች፣ ጀርመኖች፣ ኮሪያዎች...»

«በስመ አብ! ባል የላትም?»

«ኧረ በዓይን አይደለም! በጽሑፍ ነው!»

«በጽሑፍም ይጠቅሷታል?» አሉ ሽማግሌው። «እና መንግሥት አንተን ያንን ቁጠር ብሎ ላከህ?»

ሹፌሩ መሪውን ይዞ በሳቅ ሊጥለን ነበር። አንዱ ጸሐፊ ሌላውን ስለ መጥራቱ፣ በዚያም ዋጋው ስለ መታወቁ እስኪገባቸው አፌ ደረቀ። ሽማግሌው በመጨረሻ «ገባኝ፤ ስሟ ስንት ቦታ እንደተነሣ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም «በበጎ ነው በክፉ?» ብለው ጠየቁኝ። «እሱን አንቆጥርም» አልኳቸው። «ሱብሃነላህ» ብለው በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

መካነ ሰላም ገብቼ የዘይነባን ታናሽ እህት ረህማን ሱቋ ውስጥ አገኘኋት። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ልብስና የስልክ ዕቃ የምትሸጥ፣ ቀጠን ያለች ፈጣን ሴት ናት። አሁኑኑ እንሂድ ብላት ወንዙ ሞልቷል አለችኝ።

«መቼ ይጎድላል?»

«አብሽሩ ጋሼ፣ ነገ ይጎድላል ኢንሻአላህ።»

«እኔ እኮ ሰኞ አዲስ አበባ መሆን አለብኝ!»

«ወንዙ ይሄንን አያውቅም» አለችኝና አጎቷ ቤት አሳረፈችኝ። በንዴት እራት አልበላም ልል ነበር፤ ቂንጬው በቅቤ ሲመጣ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

ረቡዕ

ወንዙ በእውነትም ጎድሎ ነበር፤ ጎድሎ እስከ ጉልበቴ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ቀይ ጭቃ ነው። ረህማ በላስቲክ ጫማ እየዘለለች ትወጣለች፤ እኔ በቢሮ ጫማዬ አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች። አንድ ቦታ ላይ በመቀመጫዬ ተንሸራትቼ ወርጄ ከቁጥቋጦ ጋር ተላተምኩ። ረህማ መጀመሪያ ወረቀቶቹን አነሣች፣ ቀጥላ እኔን።

ሸህ ይማም በሩ አጠገብ ባለ መደብ ላይ እግራቸው በእንጨት ታስሮ ተጋድመው ነበር። ዘይነባ ከጓዳ ስትወጣ አላወቅኋትም፤ ነጭ የሥራ ካፖርቷን ለብሳ ካላየኋት ሌላ ሰው ናት። «ጋሽ ታደሰ! እርስዎን ነው የላኩት?» ብላ ደነገጠች። ማብራራት ስጀምር አባቷ እጃቸውን አነሡ።

«ሰውየው መጀመሪያ ይብላ እንጂ!»

እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ የነሱን ዕርድ እንደማልበላ ያውቃሉ። ከማዶ ሰፈር ክርስቲያን ጎረቤታቸው አቶ አስራት ዶሮ እንዲያርድልኝ ተጠራ። አቶ አስራት ማረሻውን ጥሎ፣ በዝናብ ገደሉን ወርዶ ወጥቶ፣ ቢላዋውን ሞርዶ፣ ዶሮዋን ክንፏን ከያዘ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለ።

ሁላችንም ዶሮዋን አየናት። ሸህ ይማም «ወላሂ፣ ከተኛሁ ወዲህ ቀኑ ጠፍቶብኛል» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ዶሮዋ ተለቀቀች፣ የአተር ሽሮ ተሠራ፤ አቶ አስራትም ከመጣ አይቀር አብሮን በላ። ሲወጣ «ነገ ሐሙስ ነው፤ በጠዋት እመጣለሁ» አለን። እግዚአብሔር ይስጠውና አልቀረም።

ወረቀቱን ያን ቀን መጀመር አልተቻለም። የአባቷን ስብራት የሚያየው ወጌሻ መጣ፣ ጠያቂ መጣ፣ ዱዓ ተደረገ። እኔ ጥጌን ይዤ ቀኑን ሙሉ ሰዓቴን አየሁ።

ሐሙስ

ከቁርስ በኋላ ወረቀቶቹን በአባቷ መደብ አጠገብ ዘረጋን። «በጎቹ የኔ አይደሉም» አለች እየሳቀች። «ይሄ የኔ ነው፤ ይሄም፤ ይሄ በአያቴ ስም የወጣው ነው።» ከማን ጋር እንደሠራች የሞላሁበትን ገጽ አየችው። ከቀድሞ መምህሯ በስተቀር ብቻዋን የጻፈች ስለሆነች «ትብብር፦ ደካማ» ብዬ ነበር። «በዚህስ ልክ ነዎት» አለች። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ወንዙ ሳይሞላ ማዶ እሻገር ነበር።

«ይሄኛዋን ግን አይቁጠሩ» አለችኝ።

ጣቷ ያረፈባት ጽሑፍ ከሁሉም በላይ የተጠቀሰችው ናት። ሌሎቹን ቢደምሯቸው እሷን አያህሉም። ኮሚቴው ካስቀመጠው ወለል በላይ የምታደርሳት እሷ ብቻ ናት።

«ያንቺ አይደለችም?»

«የኔ ናት። ስህተት ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ዳገት ሲወጣ እንዳይንሸራተት እግሩን የት ማሳረፍ እንዳለበት የሚያሰላ ስሌት አውጥታ ነበር። ኮሪያ ያለ አንድ ተማሪ ስሌቱን ፈተነው፤ በደረቅ መሬት ይሠራል፣ በእርጥብ መሬት ማሽኑ ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ የሚጽፍ ሁሉ ሌላው እንዳይሳሳት ብሎ እሷን ይጠቅሳል።

«የጠቀሱኝ ሰዎች ምን እንደሚሉ አንብበዋል ጋሽ ታደሰ?»

«ሥራዬ መቁጠር ነው።»

«‹ዘይነባ እንዳለችው አይደለም› ነው የሚሉት።»

«ይበሉ! ደንቡ ስንት ጊዜ ተጠቀሰች ይላል እንጂ ተመሰገነች ወይ አይልም። ማን ጠየቀሽ? አሁን ፈርሚልኝና ልሂድ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። በሰው ቤት፣ በበሽተኛ ፊት።

ሸህ ይማም ምን እንደሚያጨቃጭቀን ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ሃይማኖተኛ ሽማግሌ ናቸው፣ እውነቱን ተናገሪ ይሏታል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ይሄ ሰው በዚህ ጭቃ የመጣው ላንቺ ነው። ስምሽን ይዞ ይሂድ። ስህተቱን ኋላ ታርሚዋለሽ» አሏት። ብድግ ብዬ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

«አባዬ፣ አፈር ስሆን፣ እርስዎ እንኳ ተዉኝ» አለች ዘይነባ።

ይሄኔ ረህማ ከበሩ ዞር አለች። «እኔ ዓረብ አገር ስኖር አንድ ሰው በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም» አለች። «ከኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ፋጡማ ስለነበረች እኔንም ፋጡማ አሉኝ፤ እስክወጣ ድረስ። አንቺን ዓለም በስምሽ ይጠራሻል። በክፉም ይሁን ይጠራሻል። አትጥሩኝ ትያለሽ!»

ዘይነባ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አምና ከአንድ አገር ጻፉልኝ» አለች እህቷን እያየች። «በኔ ስሌት ከተራራ ላይ በሽተኛ ተሸክሞ የሚያወርድ ማሽን ሊሠሩ ነበር። ያቺ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰች ቆጥረው ነው ያመኗት። ልክ እንደ ጋሽ ታደሰ። ተዉት ብዬ እስክጽፍላቸው ግማሹን ጨርሰውት ነበር።» ከዚያ ወደ አባቷ እግር አመለከተች። «አባዬን ከገደሉ ያወጣቸው ሰው ነው። በዝናብ። በዚያ ማሽን ላይ ተጭነው ቢሆንስ?»

ረህማ ወጥታ ውጭ ቆመች፤ ትንሽ ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የፋጡማን ነገር ለእህቷ ከዚያ በፊት ነግራት እንደማታውቅ ኋላ በመንገድ ላይ ገባኝ።

እውነቷን ነው ብዬ ልቤ ተነካ እንድል ትጠብቁ ይሆናል። አልተነካም፤ ተናደድኩ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ላሳልፋት ነበር፤ እሷ ግን በገዛ እጇ መውደቂያዋን ጻፈች። ጽሑፏ የሷ መሆኗን፣ ስህተት መሆኗንና እንደ ውጤት እንዳትቆጠርላት የሚጠይቅ አንድ ገጽ። ፈረመች፤ ተቀበልኳት። አቶ አስራት ያረዳትን ዶሮ ስበላ እንኳ ፊቴ አልተፈታም ነበር፤ እነሱ ግን ከእግሯም ከመላላጫዋም እያነሡ ከፊቴ ማስቀመጡን አልተዉም።

ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ

ሰኞ ላይ መድረስ ስላለብኝ በደሴ አልዞርም ብዬ በወረኢሉ በኩል ወደ ደጎሎ በሚያወርደው መንገድ ተመለስኩ። አቋራጭ ነው ያለኝን ሰው ዛሬም እፈልገዋለሁ። አንዱ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ፤ እኔም ገፋሁ። ደጎሎ የገባሁት የገበያ ቀን ዋዜማ ነበርና አልጋ ሁሉ በስንዴ ነጋዴ ተይዟል። አንድ ምግብ ቤት ሦስት አግዳሚ ወንበር ገጣጥመው አስተኙኝ፤ ባለቤቱ የራሱን ካፖርት አለበሰኝ። ፊቴን አይቶ ለቅሶ ደርሼ የምመለስ መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለኝ። አሜን አልኩት።

እሑድ ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ጫማዬን በር ላይ አስወለቀችኝ። ከዚያ ወዲህ አላደረግሁትም።

ሰኞ

ኮሚቴው የዘይነባን ገጽ ሲያነብ ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «ይሄን ማን አምጣ አለህ?» አለኝ። አንዱ ደንቡ ስለማይከለክል ይቆጠር አለ፤ አንዱ ባለቤቷ ራሷ አይቆጠር ካለች እኛ ማን ነን አለ። የሰው ሥራ ሰብስባለች ብሎ የነበረው ሰው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበና አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ሲከራከርላት የምታልፍ መስሎኝ ነበር። ረፋዱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ጽሑፏ ተቀነሰች፣ ዘይነባ ከወለሉ በታች ሆነች፣ ለሚመጣው ዓመት ታመልክት ተባለ። ከሰዓት በኋላ የጥበቃ ሠራተኞች ማሽኑን ከክፍሏ ሲያወጡ አየሁ። ዝናብ ላይ ሊያቆሙት ሲሉ ጮኼባቸው ቤተ መጻሕፍታችን መጋዘን ውስጥ፣ ከአሮጌ ጋዜጦች ጎን አስገባሁት።

በማግስቱ ረህማ ሱቅ ደወልኩ። አባቷን ለሐኪም አምጥተዋቸው ኖሮ ሁሉም እዚያው ናቸው። ዘይነባ ስልኩን ተቀበለች። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ክፍሉን እንኳ የሚተዉልኝ መስሎኝ ነበር።» ቀጥላ «ለኮሪያው ልጅ ዛሬ ጠዋት ጻፍኩለት። አብረን እናርመው አልኩት። ይመልስ አይመልስ አላውቅም» አለችኝ።

ስንት የይቅርታ ቃል ሌሊቱን አዘጋጅቼ ነበር። ከመናገሬ በፊት ስልኩ ከእጇ ተወሰደ።

«ታደሰ ነህ?» አሉ ሸህ ይማም፤ ስልክ ላይ እንደሚጮኹ ሰዎች እየጮኹ።

«አዎ ሸህ፣ እኔ ነኝ። ነገሩ ሳይሳካ...»

«እሱን ተወው፣ ሰምተናል። አንተ በደህና ገባህ ወይ?»

«ገባሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ከዚያ ስልኩን ከአፋቸው አርቀው ለሱቁ ሰው ሁሉ «ገብቷል! በደህና ገብቷል!» ሲሉ ሰማኋቸው።